ጠፍ የተባለው መሬት

ጎባ፣ እሁድ ጥቅምት 8 ቀን 1963

ይህን ደብተር የገዛሁት የተማሪዎቼን ውጤት ልመዘግብበት ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ግን ለራሴ ወሰድኩት። ዛሬ በሰው ፊት ተከራክሬ ረትቻለሁ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከተመረቅኩ ገና አራት ወር ያልሞላኝ ልጅ። የረታሁበትን ቀን መርሳት አልፈልግም።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ የንስሐ አባታችን መምሬ ተክለማርያም ስለ አሥርቱ ትእዛዛት ያስተምሩ ነበር። እግዚአብሔር የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ በልጆች ላይ ያመጣል አሉና ከራሳቸው ጨመሩበት፤ «ልጁ የታመመበት፣ ከብቱ ያለቀበት ሁሉ ሌላ ምክንያት አይፈልግ፤ አባቱ ምን ሠርቶ እንደነበር ይጠይቅ» አሉ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ይህ ራስ መነቅነቅ ያናድደኛል። ተነሣሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባታችን፤ ሕዝቅኤል ምዕራፍ ዐሥራ ስምንት ላይ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። ታዲያ የቱን እንያዝ?»

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው ሕዝቅኤል ጋ የደረስሽው?»

«እርስዎ ዘጸአት ላይ ሲያርፉ እኔ መንገዴን ቀጠልኩ» አልኩ።

አፌ ነው። ሰው ሳቀ። መምሬም ሳቁ። ከሁሉ የበለጠ የሳቁት ግን አባባ ናቸው። ባሌ ውስጥ ቀላድ ጣዩ ጎሹ ሲባል የማያውቃቸው የለም፤ ገመድ ይዘው መሬት ሲለኩ የኖሩ፣ በሰው ፊት ጥርሳቸው የማይታይ ሰው። ዛሬ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ያዙና «ቁጥሩን እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።

«ቁጥር ሃያ።»

«ልጅ አይሸከምም።»

«አይሸከምም፣ አባባ።»

የቶጎናን ወንዝ እስክንሻገር ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። እንዲህ ኮርተውብኝ አያውቁም።

ረቡዕ ጥቅምት 11

አምስተኛ ክፍል ስልሳ ሁለት ተማሪ። ሴቶቹ አራት ብቻ። ግብረ ገብና አማርኛ እኔ ነኝ የማስተምረው። የሂሳብ መምህሩ ደምመላሽ፣ ከጎጃም የመጣው፣ የእሁዱን ወሬ ሰምቶ «እንደምን አደርሽ፣ ነቢይት ሕዝቅኤል» አለኝ። መምህራኑ ሁሉ ተቀበሉት። ደስ አይልም አልልም።

አራት ሴቶች ብቻ። ከሮቤ በታች ሻያ ወንዝ ዳር ያለው መሬታችን ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ቢሠራ። አራት ክፍል፣ የጥድ ማገር፣ የቆርቆሮ ክዳን። ለአባባ ነገርኳቸው። «እናያለን» አሉ።

ሐሙስ ጥቅምት 19

ባዳሳ ከጫካ ገብቷል። ምሕረት ከታወጀ ወዲህ ከሸፈቱት ብዙዎቹ እየገቡ ነው። እናቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ሃዳ ባዳሳ ነው የምንላት፣ የባዳሳ እናት። የሻያ መሬታችንን የምታርሰው ጭሰኛችን እሷ ናት። ስንዴ ሲደርስ የእኛን ድርሻ ይዛ ትመጣለች፤ ለእኔ ደግሞ ለብቻ በትንሽ ቅል የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽታ ታመጣልኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዳሳ አጥራችን ጋ ቆሟል። ከስቷል።

«አከም ጅርታ፣ ባዳሳ።»

«ነጋ። አባትሽ አሉ?»

«የሉም። ለምን ፈለግሃቸው?»

«ፍርድ ቤት ከስሻቸዋለሁ። መጥሪያው ከመድረሱ በፊት ከአፌ ይስሙት ብዬ ነው።»

እንደ ሠርግ ጥሪ ነው የነገረኝ። በአርባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ቀላድ ሲጣል አባቱ ቱፋ ለስእለት ወደ ሼህ ሁሴን መቃብር ሄዶ ነበር። ደንቡ ባለቤቱ ራሱ ገመዱ ጋ ቆሞ፣ ጫፉን በእጁ ይዞ፣ አዋሳኞቹን በስም መጥራት ነው። ያልቆመ ሰው መሬት ባለቤት የለውም ተብሎ «ጠፍ» ተብሎ ይጻፋል። ቱፋ ከስእለቱ ሲመለስ ጠፍ ሆኖ ጠበቀው። ከአያቱ የወረሰውን መሬት በጭሰኝነት እያረሰ ሞተ።

ማታ አባባን ጠየቅኋቸው።

«ሰውዬው ገመዱ ጋ ካልቆመ ምን ብዬ ልጻፍ? ጽጌረዳ ብዬ ልጻፍ?»

«ታዲያ ወደ እኛ እንዴት መጣ?»

«ጠፍ መሬት የመንግሥት ነው። መንግሥት ላገለገለው ይሰጣል። አገለገልኩ፤ ሰጠኝ። አንቺን ያስተማረሽ እሱ ነው።»

ሕግ ነው ማለት ነው። ሕግ ነው።

ሐሙስ ኅዳር 3

አባባ ጠዋት ጥርሳቸውን እየፋቁ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሁሉ «የሻያውን ስመ ሀብት ወደ አንቺ ላዛውረው አስቤአለሁ» አሉኝ።

«ለምን አሁን?»

«አርጅቻለሁ። ደግሞስ በመጽሐፍ ያስረዳሽኝ አንቺው አይደለሽም እንዴ? በእኔ እጅ እያለ ኃጢአት አለበት ቢሉም፣ አንቺ እጅ ሲገባ ንጹሕ ነው። ልጅ አይሸከምም።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ትምህርት ቤትሽን በሰው መሬት ላይ ልትሠሪ ነው?» አሉ ቀጥለው።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። በእኔ ስም ቢሆን ክፋቱ ምንድን ነው? ለሃዳ ባዳሳ ከወንዙ በኩል ቆርጬ እሰጣታለሁ። አባባ ይህን ፈጽሞ አያደርጉትም፤ እኔ ግን አደርገዋለሁ። እንዲያውም ለእነሱም የሚሻለው እኔ እጅ መግባቱ ነው። አራት ክፍል ሳይሆን ስድስት።

ሰኞ ኅዳር 7

ሮቤ ሄጄ መጣሁ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት፣ ከወንዙ በኩል ስለምሰጣቸው መሬት። ሃዳ ባዳሳ ግንባሬን ሳመችኝና እንደ ድሮው «ኢንታላ ኮ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ባዳሳ ለገብስ አጨዳ ማጭዱን ይስል ነበር። ስንዴው ገና ወርቅ መምሰል ጀምሯል።

በደንብ አስረዳሁት። ጥፋት ቢኖር እንኳ የአባቴ እንጂ የእኔ እንዳልሆነ፣ ይህም በመጽሐፋችን እንደተጻፈ።

«በኛም ተጽፏል» አለ ማጭዱን ሳያቆም። «አንዱ ነፍስ የሌላውን ሸክም አይሸከምም።»

«እንግዲያው ተስማምተናል።»

«በምን?»

«ኃጢአቱ የእኔ አለመሆኑን።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። «ኃጢአቱን ማን ጠየቀሽ፣ ወሰንየለሽ? ኃጢአቱን አባትሽ ይያዙት። እኛ የጠየቅነው መሬቱን ነው።»

እናቱ «ባዳሳ» አለችው፣ እንግዳ እንዳይሰደብ። ስለ ወንዙ በኩል መሬት ሳልነግራቸው አውቶቡሱ መጣ። ቀጣዩ እስኪመጣ መቆየት እችል ነበር። የእርማት ሥራ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእማዬ ጋር ምስር እየለቀምን ነበር። አባባ ወጥተዋል።

«እማዬ፣ ቱፋ ወደ ሼህ ሁሴን መሄዱን አባባ ያውቁ ነበር?»

«ምስሩን ልቀሚ።»

ለቀምኩ። ጠበቅሁ። እማዬ ዝም ሲሏት ነው የምትናገረው።

«እዚህች በር ላይ ቆሞ ጠይቆት ነበር። ጌታው፣ ስእለት አለብኝ፤ ቀላዱ የሚጣለው መቼ ነው? ብሎ። አባትሽ፣ ሂድ፣ ስትመለስ ነው አለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄደ። በሳምንቱ ገመዱን ይዘው ወጡ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ አንቺን እርጉዝ ነበርኩ።»

ከዚያ ራሷ ቀጠለች። ቱፋ ሲመለስ ከቤቱ በፊት እኛ ቤት ነው የመጣው። ከሼህ ሁሴን ጀዋራ የሚሉትን ነጭ የበረከት አፈር በጨርቅ ቋጥሮላት መጣ፤ ሲሄድ ነፍሰ ጡር መሆኗን አይቶ ነበርና። «ምጥ ጸንቶብኝ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። በውሃ በጥብጬ ጠጣሁት። ክርስቲያን ሆኜ። ለመምሬም ነግሬ አላውቅም።»

«መሬቱ መሄዱን ሰምቶ ነበር?»

«ገና ቤቱ አልደረሰም ነበር።»

«እና እኔ...»

«አንቺ ያን ዕለት ማታ ተወለድሽ። አባትሽ ደስ ብሎት ወሰንየለሽ አለሽ።»

ሁልጊዜ የሚነገረኝ ደስታዬ ወሰን የለውም ብለው ነው ያወጡልኝ ተብሎ ነው። በስሜ እኮራ ነበር። «የማን ወሰን ነው የሌለው?» አልኳት።

«ምስሩን ልቀሚ» አለችኝ።

አባባ እንዴት እንዲህ ያደርጋል? አሁን መልሼ ሳነበው «ያደርጋል» ብዬ ጽፌአለሁ፤ «ያደርጋሉ» ማለት ነበረብኝ። አልሰርዘውም።

ሐሙስ ኅዳር 17

ለደምመላሽ የሰው ታሪክ አስመስዬ ነገርኩት። አንድ ሰው አለ እንበል ብዬ። ሞኝ አይደለም።

«ሕዝቅኤልን ከሃያ ነው የጀመርሽው። ከዐሥራ አራት ለምን አልጀመርሽም?» አለኝ።

አውቀዋለሁ። ዐሥራ አራት ላይ ያለው ልጅ አባቱ የሠራውን አይቶ ፈርቶ እንዲያ ያላደረገው ነው። የማይሸከመው እሱ ነው። ሌላው ልጅ አይደለም።

ደግሞ መጽሐፈ ነገሥትን አንሥቶ፣ ያ ንጉሥ የሰውዬውን የወይን ቦታ ከወሰደ በኋላ ስለ ልጁ ምን እንደተባለ ታስታውሻለሽ ወይ አለኝ። አስታውሳለሁ፤ በልጁ ዘመን ክፉ አመጣለሁ ነው የተባለው። ደወል ተደወለ። ዕድሌ።

እኔ ግን እንዲያ አላደርግም። እኔ የምወስደው ልመልስ ነው።

ረቡዕ ኅዳር 23

ፈረምኩ። የስጦታ ውል። ሁለት ምስክር። አባባ አዲስ ጫማ ገዙልኝ።

አባባ ሲያርፉ ሙሉውን እመልሰዋለሁ። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ የተጻፈ ይቀራል።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 6

ክሱ ተሰማ። ችሎቱ ሞልቶ ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሰው እርጥብ ጋቢ ይሸታል።

ባዳሳ ያለ ጠበቃ ቆሞ ተናገረ። አማርኛው ሲናደድ ይሰበራል፤ ስለዚህ ላለመናደድ ቀስ ብሎ ተናገረ። አባባ ተራቸው ሲደርስ «ክቡር ዳኛ፣ እኔ መሬት የለኝም» ብቻ አሉ። ሰነዱ ታየ። ዳኛው እኔን አስጠሩኝ። ማልሁ። መሬቱ በአርባ ሦስት ስለ ተገኘበት ሁኔታ የማውቀው ካለ እንድናገር ጠየቁኝ።

እማዬን ፈለግኋት። በስተኋላ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች።

«እኔ ያኔ አልተወለድኩም» አልኩ።

ሰው ሳቀ፤ ዳኛውም ፈገግ አሉ። እውነት ነው እኮ። ቀላዱ የተጣለው ከመወለዴ በፊት ነበር። በአንድም ቃል አልዋሸሁም።

ከሳሽ መሬቱን በያዘው ሰው ላይ ሳይሆን ባልያዘው ላይ ስለ ከሰሰ ክሱ ተዘጋ። በአዲስ መልክ ማቅረብ ይችላል ተባለ። ውጭ ባዳሳ አጠገቤ ሲያልፍ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እናቴ ግን ተወልዳ ነበር» አለ። እናቱ ከችሎቱ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንድትናገር ማንም አልጠራትም። እኔ መጥራት እችል ነበር ወይ? አይመስለኝም። ሥርዓቱን አላውቀውም።

ደምመላሽ ከዛሬ ጀምሮ «ወይዘሪት ወሰንየለሽ» ነው የሚለኝ።

ሐሙስ ታኅሣሥ 15

አባባ ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ። ማስለቀቂያ። ጭሰኛ ሆኖ ጌታውን የከሰሰ ሰው እንደገና መክሰሱ አይቀርም፣ መሬቱ ላይ ከሌለ ግን ክሱም ይደክማል አሉ። ፊርማው የባለርስቷ መሆን አለበት።

«በወንዙ በኩል ያለውን ልሰጣቸው ነበር።»

«ትምህርት ቤቱስ የት ሊቆም ነው?»

እስክሪብቶ አንሥቼ ልፈርም ስል ቀይ ሆነ፣ የእርማቱ። «በቀይ አይፈረምም፤ ሰማያዊ አምጪ» አሉ። ሰማያዊው ጓዳ ነበር። ጓዳ ሄጄ አመጣሁ።

መሄድና መመለስ ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው። ዛሬ ቆጠርኩት፣ ማታ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በዚያ ዐሥራ አንድ እርምጃ ውስጥ ማንም አልያዘኝም።

ሐሙስ ታኅሣሥ 22

ተማሪ ፈተና ላይ ነው። እርማት። ራስ ምታት። እማዬ አትናገረኝም፤ አባባንም አትናገርም። እሷ እንኳ ምን መብት አላት? ሃያ ዓመት ዝም ያለችው ማን ነው?

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ሰኞ ጥር 3

መልቀቂያቸው ዛሬ ነበር። አባባ አትሂጂ ብለውኝ ነበር፤ ሄድኩ። ዕቃቸውን በሁለት አህያ ጭነዋል። ወደ ደሎ መና ነው፣ ቆላው ላይ ዘመድ አላቸው። ባዳሳ ዞር ብሎም አላየኝ፤ የአህያውን ጭነት ያጠብቅ ነበር። ሚስቱን ዛሬ ነው ያየኋት፤ አራስነቷን ገና የጨረሰች፣ ልጅ አዝላለች።

«ሴት ናት?» አልኩ ሌላ የምለው አጥቼ።

ሃዳ ባዳሳ «ሴት ናት» አለች።

«ትምህርት ቤቱ ሲያልቅ አምጡልኝ። እኔ ራሴ አስተምራታለሁ።»

እንዲህ አልኩ። በዚህ አፌ።

አሮጊቷ አልተቆጣችም። እጇን ወደ ሳነቴ፣ ደመናው ወደ ተኛበት ተራራ ዘርግታ «ከዚያ ማዶ? በእግሯ?» አለች። ከምሯ ነው የጠየቀችኝ፤ መንገዱን እያሰላች። ቀጥላ «ስንዴውን ቶሎ አሳጭዱት። ከላይ በኩል ያለው ረግፏል» አለችኝ። የዘራችው እሷ ናት፤ እንዳይበላሽ ነው ያሳሰባት።

አንዲትም የእርግማን ቃል አልተናገረች። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር፤ የምከራከርበት ጥቅስ አለኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ቆጠርኩ። ቱፋ። ባዳሳ። ያች የታዘለችው። መምሬ እውነታቸውን ነበር፤ የአባት ኃጢአት ልጅ ላይ ይወርዳል፣ የልጅ ልጅም ላይ። እኔ የጠየቅሁት ልጅ ይሸከማል ወይ ብዬ ነው። የማን ልጅ ብዬ አልጠየቅሁም። የጎሹ ልጅ አዲስ ጫማ አድርጋ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣለች።

ረቡዕ ጥር 5

መምሬ ተክለማርያም ጋ ለንስሐ ሄድኩ። ከአጥራቸው ሥር ተቀምጠን ነበር።

«አባቴ በአርባ ሦስት...»

«የአባትሽን ተይው። እሱ የራሱ አንደበት አለው። ያንቺን ንገሪኝ።»

«ፈረምኩ። ሁለት ጊዜ። ችሎት ፊት ደግሞ ዋሸሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ያኔ አልተወለድኩም ብዬ።»

«ተወልደሽ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

ማስረዳት አቃተኝ። እኔ፣ ሰንበቴውን ሁሉ ያስረዳሁት። በመጨረሻ ስለ ሃዳ ባዳሳ አለቀስኩ፤ እሳቸው ማልቀሴን ለንስሐዬ ቆጠሩልኝ። ሰባት ቀን፣ በየቀኑ አርባ ስግደት፣ ሰንበትና በዓል ሳይቆጠር። ቀላል ነው።

«መሬቱስ፣ አባታችን?»

«ለማን ትመልሺዋለሽ? ሰዎቹ ሄደዋል። አሁንማ በእውነት ጠፍ ነው» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አደረጉና «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ።

ደሎ መና አውቶቡስ ይሄዳል። ይህን አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ።

ማክሰኞ ጥር 18

ስግደቱን ዛሬ ጨረስኩ። ጉልበቴ ትንሽ ተላጠ እንጂ ደህና ነኝ። እነ ሃዳ ባዳሳ የዘሩት ስንዴ ግን ገና ወደ ጎተራችን ተጭኖ አላለቀም፤ የጭነት መኪናው ኤንትሬ ነገም ከነገ ወዲያም ይመላለሳል።